«ያድግበታል» ለውኃ አይሠራም

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የወላጆች ጥያቄም አብሮ ይለወጣል። ልጁን ለሳል ወይም ለሆድ ቁርጠት ይዞ የመጣ አባት መድኃኒቱን ተቀብሎ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆም ይልና «ዶክተር፣ ይህን ልጅ ዋና ላስጀምረው ነበር፤ ምን ምን ልግዛለት?» ይለኛል። እኔ ነቀምቴ የምሠራ ጠቅላላ ሐኪም እንጂ የዋና አሠልጣኝ አይደለሁም። ሆኖም ባልሆነ ዕቃና ባልሆነ ውኃ ምክንያት የሚመጣውን ቀይ ዓይን፣ የሚመግል ጆሮና ከዚያም የከፋውን የምናየው እኔና የሥራ ባልደረቦቼ ስለሆንን ጥያቄው ይመለከተናል።

ከከፋው ልጀምር። ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። አንድ አባት የአምስት ዓመት ልጁን ታቅፎ እየሮጠ ገባ። ቤተሰቡ ለመዝናናት ወደ አንድ መዋኛ ገንዳ ሄዶ ነበር። ልጁ ወገቡ ላይ በአየር የተነፋ የፕላስቲክ ቀለበት አጥልቋል። አባት ከገንዳው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ በስልክ ይነጋገራል። ዞር ሲል ቀለበቱ ብቻውን ይንሳፈፋል፤ ልጁ ከሥር ነው። አልጮኸም፤ ውኃውንም አላንቦጫረቀም፤ በቀለበቱ መሐል ሾልኮ ወርዷል። ዕድለኛ ስለነበር ወዲያው ተጎትቶ ወጣና እያሳለ እኛ ዘንድ ደረሰ። ኦክስጅን ሰጥተን ሌሊቱን ስንከታተለው አደርን፤ በማግስቱ በእግሩ ሄደ። አባትየው ከአልጋው አጠገብ ሆኖ ሌሊቱን ሲደጋግማት የነበረችው ግን አንዲት ነገር ናት፤ «ሰፊውን ቀለበት የመረጥኩት ያድግበታል ብዬ ነው።»

«ያድግበታል» የሁላችንም ቤት ቃል ነው። የደንብ ልብሳችን እጅጌ ሁለት ጊዜ ታጥፎ፣ ጫማችን ጫፉ ላይ ጨርቅ ተጠቅጥቆበት ነው ያደግነው። ኑሮ ሲከብድ ይህ ብልሃት እንጂ ጥፋት አይደለም። ሰፊ ሹራብ ልጅን አይጎዳም። ውኃ ውስጥ ግን ሕጉ ይገለበጣል። ለውኃ የሚገዛ ዕቃ ዛሬ፣ በዛሬው ገላው ልክ መሆን አለበት፤ ልኩ ካልሆነ ባይገዛ ይሻላል። የዛሬው ጽሑፌ ዋና ሐሳብ ይህ ነው፤ ጥቂት ግዙ፣ በልኩ ግዙ፣ የገዛችሁትንም ዕቃ በእናንተ ቦታ ጠባቂ አድርጋችሁ አትሹሙት።

ነገሩ የመዝናናት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ 300 ሺህ ያህል ሰዎች በውኃ ሰምጠው ሕይወታቸው አልፏል። ወደ ሩብ የሚጠጉት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ከሟቾቹ ከመቶ 92ቱ እንደ እኛ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ነበሩ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በዚያው ዓመት እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 የመስጠም አደጋ መከላከያ ቀን ሆኖ እንዲታሰብ ወስኗል። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 18 መሆኑ ነው፤ ልጆች ትምህርት የሚዘጉበት፣ ወንዞችም የሚሞሉበት ወቅት!

የወለጋ ሰው ከውኃ ርቆ አይኖርም። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ሲኬድ ዴዴሳ ይሻገሩታል፤ ወደ ሰሜን አንገር አለ፤ ባኮ አካባቢ ጊቤ፤ በሆሮ ጉዱሩ በኩል ደግሞ የፊንጫ ግድብ ሐይቅ ተኝቷል። ብዙ የገጠርና የትንንሽ ከተሞች ልጆች ዋና የሚለምዱት በእነዚህ ወንዞችና በገባሮቻቸው፣ ከብት ሲያጠጡ ወይም ልብስ ሲታጠብ ነው። አሠልጣኛቸው ታላቅ ወንድም፣ መሣሪያቸው ባዶ ጀሪካን ነው። የከተማው ልጅ ደግሞ ቤተሰቡ አዲስ አበባ ሲሄድ ወይም በመንገድ አምቦ አርፎ በማዕድን ውኃ የሚሞላውን ገንዳ ሲያይ ይጎመጃል። ሁለቱም ልጆች ዋና ቢማሩ ደስ ይለኛል። የዓለም ጤና ድርጅትም ዕድሜያቸው ከ6 ዓመት በላይ የሆኑ ልጆች መሠረታዊ ዋናና የውኃ ጥንቃቄ እንዲማሩ ይመክራል። እንግዲህ ምን እንግዛ?

መጀመሪያ ልብሱ። ለጀማሪ የሚያስፈልገው ገላን የሚይዝ፣ ውኃ የማይጠጣ፣ ቶሎ የሚደርቅ የዋና ልብስ ነው። ጂንስና የጥጥ ቲሸርት ውኃ ሲጠጡ ይከብዳሉ፤ ገና እግሩን ማንቀሳቀስ ለሚማር ልጅ ሸክም ናቸው። ኪሱ የሰፋ፣ ክሩ የተንጠለጠለ ቁምጣም አይመረጥም፤ ኪሱ ውኃ ይሞላል፣ ክሩም ከሆነ ነገር ጋር ይያያዛል። ከሰልባጅ ገበያ መግዛት ነውር የለውም። ጨርቁን በሁለት እጃችሁ ለጥጣችሁ ልቀቁት፤ ወደ ቦታው ከተመለሰ ገና ጉልበት አለው፣ ተለጥጦ ከቀረ ግን ጊዜው አልፏል። ገዝታችሁ በሳሙና በደንብ ካጠባችሁት በቂ ነው።

ስለ ቀለም የሚጠይቀኝ ሰው የለም፤ ቢጠይቀኝ ግን አንደኛ የምናገረው እርሱን ነበር። ሰማያዊና ነጭ የዋና ልብስ በሰማያዊ ገንዳ ውስጥ ይጠፋል። ልጁ አንድ ሜትር ሲወርድ የውኃው ጥላ ይመስላችኋል። ደማቅ ብርቱካንማ ወይም የሚያንጸባርቅ ቢጫ ግን ከሩቅ ዓይን ይስባል። ዋጋው ያው ነው፤ ልዩነቱ ልጁን ፈልጎ በማግኘትና በማጣት መካከል ሊሆን ይችላል።

ስለ ሴት ልጆችም አንድ ነገር ልበል። አንዲት እናት «ወንዱን ላስመዘግበው ነው፤ እሷ ግን ያንን ልብስ ለብሳ ሰው ፊት አትቆምም» አሉኝ። ይህ ስጋት በብዙ ቤት አለ፤ ክርስቲያን ሙስሊም ሳይል። መልሱ ልጅቷን ማስቀረት አይደለም። ክንድና እግርን የሚሸፍን፣ ከገላ ጋር የሚሄድ ሙሉ የዋና ልብስ አለ። ለጨዋነቱ ከመመቸቱ ባሻገር ከፀሐይም ይከላከላል። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ቆዳን የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር ይበረታል። ስለዚህ ይህ ልብስ ለወንዱም አይከፋም። ውኃው ወንድና ሴት አይለይም። ወንዙን የምትሻገረው፣ ውኃ የምትቀዳው፣ ልብስ የምታጥበው ብዙ ጊዜ ሴቷ ልጅ ሆና ሳለ ዋና ሳታውቅ የምትቀረው እሷ መሆኗ ልክ አይደለም።

ሁለተኛው የዋና መነጽር ነው። ክሎሪን ባለበት ገንዳ ውስጥ ዓይኑ የሚቆጠቁጠው ልጅ ፊቱን ውኃ ውስጥ ለማስገባት ይፈራል፤ መነጽር ይህን ፍርሃት ይቀንስለታል። እዚህም «ያድግበታል» አይሠራም። የአዋቂ መነጽር ለልጅ ፊት ሰፊ ነው፤ ውኃ ያስገባል፤ ወላጅም ውኃ እንዳያስገባ ብሎ ማሰሪያውን ያጠብቃል። ልጁ ሲወጣ በዓይኑ ዙሪያ ቀይ ክብ ተስሎ፣ ራሱን አሞት ይወጣል። ሱቅ ውስጥ እንዲህ ፈትኑት፦ ማሰሪያውን ሳታጠልቁ መነጽሩን ብቻ በዓይኑ ላይ በቀስታ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት። ለአፍታ ተጣብቆ ከቆየ ልኩ ነው፤ ወዲያው ከወደቀ ለእርሱ አልተሠራም። መስተዋቱ የማይሰበር ፕላስቲክ፣ ጠርዙም ለስላሳ ይሁን። ልጁም መነጽሩን ከፊቱ ወደ ፊት ለጥጦ እንዳይለቀው አስተምሩት፤ ተስፈንጥሮ ተመልሶ ዓይንን ይጎዳል። ዓይኑ ቀልቶ ማዝ ያለበት ልጅ እስኪድን ውኃ ውስጥ አይግባ፤ መነጽርና ፎጣም አያጋራ። የዓይን ማዝ የሚዛመተው በዚህ መንገድ ነው።

ሦስተኛው ቆብ ነው። ለአጭር ፀጉር ግዴታ አይደለም፤ ገንዳው ከጠየቀ ግን ይግባ። ሹሩባ ለተሠራች ልጅ ሰፋ ያለ ለስላሳ የሲሊኮን ቆብ ይመቻል፤ ቀጭኑ ላስቲክ ፀጉር ይነጫል። ቆብ ፀጉርን ከዓይን ላይ ይሰበስባል እንጂ ከነጭራሹ እንዳይረጥብ አያደርግም፤ ጆሮንም አይጠብቅም።

ጆሮን በተመለከተ አብዛኛው ጤነኛ ልጅ ምንም መድፈኛ አያስፈልገውም። ከውኃ ሲወጣ ራሱን ወደ አንድ ጎን፣ ቀጥሎ ወደ ሌላው ጎን ያዘንብልና በፎጣ ጫፍ ከውጭ ያድርቅ። የክብሪት እንጨት፣ ላባ፣ የጥጥ ጠቅልል አታስገቡ። ውኃው በራሱ ይወጣ ነበር፤ እንጨቱ ግን ቆዳውን ይጭርና ለቁስለት መንገድ ይከፍታል። ጆሮው የሚመግል ወይም ታምቡሩ የተበሳ ልጅ ግን ዋና ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ይየው። ሐኪሙ ከፈቀደ መድፈኛውንም አብሮ ይነግራችኋል።

አሁን ወደ ከባዱ ዕቃ እንምጣ፤ ወደሚያንሳፍፈው። በገበያችን በብዛት የሚገኘው ክንድ ላይ የሚጠለቅ ተነፊ ላስቲክና ወገብ ላይ የሚጠለቅ ቀለበት ነው። ሁለቱም መጫወቻ ናቸው። በመርፌ ቀዳዳ ይተነፍሳሉ፤ ልጁ እጁን ወደ ላይ ሲያነሳ ከክንዱ ይወልቃሉ፤ ቀለበቱም ይገለበጥና እግርን ወደ ላይ፣ ራስን ወደ ታች ያደርጋል። ከሁሉ የከፋው ግን ለልጁ ሳይሆን ለወላጁ የሚያደርጉት ነገር ነው፤ ልብ ያስጥላሉ። ያ አባት ስልኩን ያነሳው ልጁን ስለማይወድ አይደለም፤ ቀለበቱን ስላመነው ነው።

ልጁን በውኃ ላይ የሚይዝ እውነተኛ ዕቃ ከፈለጋችሁ በአየር የማይነፋ፣ ውስጡ ስፖንጅ መሰል ነገር ያለበት፣ በሰውነት ክብደት ልክ የተሠራ የሕይወት አድን ጃኬት ነው። ምልክቱ ላይ ከስንት እስከ ስንት ኪሎ እንደሚይዝ ተጽፏል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ልጁን ሚዛን ላይ አቁሙት፤ ዕድሜውን ሳይሆን ኪሎውን ይዛችሁ ሂዱ። ስትሞክሩት ማሰሪያዎቹን ሁሉ ቆልፉና ልጁ ሁለት እጁን ወደ ላይ ይዘርጋ። ከኋላው ቆማችሁ የጃኬቱን ትከሻ ወደ ላይ ሳቡት። አገጩን አልፎ ወደ ጆሮው ከወጣ ሰፊ ነው፤ ውኃ ውስጥ ሾልኮ ይወርድበታል። ለትንሽ ልጅ በእግሮቹ መሐል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ይመረጣል። በሐይቅ ላይ በጀልባ ሲኬድ ይህ ጃኬት መታጠቅ እንጂ ከወንበር ሥር መቀመጥ የለበትም። ዋና በመማር ላይ ላለ ልጅ ደግሞ በእጅ የሚያዝ ጠፍጣፋ የፎም ሰሌዳ ለእግር ልምምድ ይበቃል፤ እርሱም መምህሩ አጠገቡ ሳለ ብቻ። የእግር መቅዘፊያ፣ የአፍንጫ መቆንጠጫና ሌላው ጌጥ ሁሉ ለመጀመሪያው ዓመት አያስፈልግም።

ፎጣን አትርሱ። ልጅ ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ይበርደዋል፤ የደጋው ውኃና ንፋስ ሲጨመርበት ይብሳል። ከንፈሩ ከጠቆረና ጥርሱ ከተንቀጫቀጨ «ትንሽ ልቆይ» ቢላችሁም አውጡት። በወፍራም ፎጣ፣ ከሌለ በጋቢ ጠቅልሉት፤ ደረቅ ልብስና ሙቅ ሻይ ይከተል። ለገንዳው ዳር ደግሞ የማያንሸራትት ነጠላ ጫማ ያስፈልገዋል።

የትኛውም ዕቃ የማይከላከለውን ደግሞ ማወቅ አለብን። ቢልሃርዚያ አንዱ ነው። ዝግ ብሎ በሚፈስና በተኛ ውኃ ውስጥ ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች የሚወጣው ጥገኛ ተውሳክ በቆዳ በኩል ይገባል፤ መነጽርም ቆብም አያቆሙትም። በአካባቢያችን የፊንጫ ሸለቆ በሽታው መኖሩ በጥናት የታወቀ ቦታ ነው። እንዲህ ባለ ውኃ ውስጥ የሚገባ ልጅ ሆዱን የሚያመው፣ ሰገራው ደም የቀላቀለ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፣ ይሠራልም። ሁለተኛው የሚጥል በሽታ ነው። ይህ በሽታ ያለበት ልጅ ያለ ሐኪም ምክር ዋና አይጀምር፤ ሲፈቀድለትም ዋና የሚችል አንድ አዋቂ ለእርሱ ብቻ ተመድቦ አጠገቡ ይሁን። ሦስተኛው የክረምት ወንዝ ነው። የደፈረሰና የሞላ ወንዝ ጃኬት የታጠቀን አዋቂም ይወስዳል። በዴዴሳ ደግሞ አዞና ጉማሬ አለ። በክረምት ወንዝ ላይ ዋና አይለመድም፤ ይኸው ነው።

እንግዲህ ከዕቃ ሁሉ የሚበልጠው ዕቃ የቱ ነው? እጁ ልጁን ሊነካ በሚችልበት ርቀት ላይ ያለ፣ ስልኩን ቦርሳ ውስጥ የከተተ አንድ አዋቂ ነው። አበው «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያሉት በሕክምናውም ትክክል ነው። የሚሰምጥ ልጅ በፊልም እንደምናየው አይጮኽም፤ አፉ ለመተንፈስ እንኳ አይበቃውም። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል። ስለዚህ «ሁላችንም እያየነው ነው» ማለት ማንም አላየውም ማለት ነው። ቤተሰቡ ተራ ይግባ፤ ተረኛው አይብላ፣ አይጠጣ፣ አይጫወት።

ለዚያ አዋቂ አንድ ዕቃ እዘዝለት ብትሉኝ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካንና አሥር ሜትር ያህል ገመድ አዝለታለሁ። ጀሪካን ለልጅ መንሳፈፊያ አይሆንም፤ ከእጁ ያመልጣል፣ ክዳኑም ይከፈታል። ለመወርወር ግን ግሩም ነው። ንፋስ እንዳይመልሰው ጥቂት ውኃ ጨምሩበት፣ ክደኑት፣ እጀታው ላይ ገመዱን እሰሩ። ሰው ሲሰምጥ ዘላችሁ አትግቡ፤ አንዱን ለማዳን ሌላው ተከትሎ የሚሞተው በዚህ ነው። ጀሪካኑን ወርውሩ፣ ዱላ አቀብሉ፣ ነጠላ ዘርጉ።

የወጣው ልጅ የማይተነፍስ ከሆነ ዘቅዝቃችሁ አትያዙት፤ ሆዱንም አትጫኑ። ውድ ጊዜ ከማባከን በቀር ፋይዳ የለውም። በጀርባው አስተኝታችሁ፣ አገጩን ቀና አድርጋችሁ አምስት ጊዜ ትንፋሽ ስጡት። ካልነቃ የደረቱን መሐል 30 ጊዜ ፈጠን እያላችሁ ተጫኑ፣ 2 ጊዜ ትንፋሽ ስጡ፤ እርዳታ እስኪደርስ ወይም መተንፈስ እስኪጀምር ይህንኑ ደጋግሙ። የነቃም ልጅ ቢሆን የሚያስለው፣ ትንፋሹ የሚፈጥን ወይም ያለወትሮው የሚያንቀላፋ ከሆነ ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

ነገሩን ሁሉ ወላጅ ላይ ብቻ መጫንም አግባብ አይመስለኝም። መዋኛ ገንዳ ከፍተው የመግቢያ የሚያስከፍሉ ሁሉ የጥልቁንና የጎድጓዳ ያልሆነውን ክፍል ወሰን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በግልጽ ይጻፉ፤ የሠለጠነ ጠባቂ ያቁሙ፤ በኪሎ የተለየ የልጆች ጃኬት የሚያከራዩበት ቦታ ይኑራቸው። አንድ ጃኬት በዓመት ሁለት ቀን ለሚዋኝ ልጅ መግዛት ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው፤ በኪራይ ግን አሥር ልጅ ይጠቀምበታል፣ «ያድግበታል» የሚለውም ሐሳብ አይመጣም። ትምህርት ቤቶችም ክረምቱ ከመግባቱ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ወስደው ገመድ መወርወርንና ወደ ሞላ ወንዝ አለመግባትን ቢያስተምሩ ገንዳ አያስፈልጋቸውም፤ ሜዳቸው ይበቃል።

ያ ልጅ አሁን አድጓል። ባለፈው ዓመት ለጉንፋን አምጥተውት ሳየው ዋና መማሩን ነገረኝ። አባቱን ምን እንደገዛለት ጠየቅሁት። «ልኩ የሆነ መነጽርና ብርቱካንማ ልብስ» አለኝ። ቀጥሎም ፈገግ ብሎ «እኔም አብሬው ተመዘገብኩ» ሲል ጨመረ። ከሁሉም ግዢ የወደድኩት ይህንን ነው።